የቁስቋሙ ባለመድኃኒት
የጄምስ ብሩስ ሕይወትና በመጽሐፉ ያጎደለው

ከጎንደር ከተማ ወደ ደቡብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አዘዞ ይደርሳል። ዛሬ መንገደኛው ሁሉ አዘዞን የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን አዘዞ ሲባል ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩትንና በኋላም የተቀበሩበትን ገነተ ኢየሱስን፤ የቤተ መንግሥቱን ፍራሽ፤ በጎንደር ዘመንም የእጨጌዎች መቀመጫ መሆኗን ያስታውሳል። በጥቅምት ወር 1770 አንድ ቁመተ ረጅም፤ ፀጉረ ቀይ ስኮትላንዳዊ በዚህች አገር በኩል አልፎ የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ሄደ። ስሙ ጄምስ ብሩስ ነበር፤ የጎንደር ሰው ግን ያቆብ እያለ ይጠራው ነበር። (ዘመኖቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ስለ ብሩስ የተጻፈው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የሚጻፈው ሁልጊዜ ስለ መንገደኛው ብሩስ፤ ስለ ዓባይና ስለ መጽሐፈ ሄኖክ ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስታውሰው የምፈልገው ሐኪሙን ብሩስን ነው። ምክንያቱም ይህ ሰው ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት የገባው በቴሌስኮፑ ወይም በጠመንጃው ሳይሆን በመድኃኒቱ ነው፤ የገባውም ፈንጣጣ የመሳፍንቱንና የድኻውን ልጅ ሳይለይ በሚያጭድበት ወራት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ሰውን ያከመ ሰው ስለ ሥራው ምን ብሎ ይጻፍ? የዳነውን ብቻ ነው ወይስ የሞተውንም? ያገኘውን ብቻ ነው ወይስ የሳተውንም? የብሩስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ በጎም ክፉም ምሳሌ ይሰጠናል።

ጄምስ ብሩስ በታኅሣሥ ወር 1730 በስኮትላንድ አገር ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ተወለደ። እናቱ የሞተችው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። አባቱ በእንግሊዝ አገር ሃሮ በሚባለው ትምህርት ቤት አስገባው፤ ከዚያም ሕግ እንዲማር ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ላከው። ነገር ግን የሕግ መጻሕፍት ለእርሱ ልብ አልተስማሙትም፤ ጤናውም አልረዳውምና ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወ። ወደ ሎንዶን ወርዶ የአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ልጅ የሆነችውን አድሪያናን አገባ፤ በንግዱም ገባበት። ጋብቻው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። አድሪያና የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ለአየር ለውጥ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሲወስዳት በ1754 ፓሪስ ላይ ከነፅንሷ ሞተችበት። ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሚስቱን በሰው አገር ቀብሮ ብቻውን ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ ብሩስ በአንድ ቦታ ተቀምጦ የሚኖር ሰው አልሆነም።

በ1763 የእንግሊዝ መንግሥት በአልጀርስ ቆንስል አድርጎ ሾመው። እዚያ ሳለ ዓረብኛ አጠና፤ ከአንድ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪምም የሕክምናን መሠረት ተማረ። ቆንስልነቱን ትቶ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ሲዞር ሐለብ በተባለችው ከተማ ከሚኖረው ከሐኪሙ ከፓትሪክ ራስል ዘንድ ተጨማሪ ትምህርት ቀሰመ፤ መድኃኒትም ሰነቀ። የሕክምና ዲፕሎማ ግን አልነበረውም። በዚያን ዘመን በምሥራቅ አገሮች ለሚጓዝ አውሮፓዊ ሐኪምነት ከወታደር አጀብ የበለጠ መጠበቂያ መሆኑን ዐውቆ የያዘው ሙያ ነው። ግብፅ ሲደርስም ይኸው ሙያ ከገዢው ከዓሊ ቤይ ጋር አስተዋውቆት ለመንገዱ የሚረዳውን ደብዳቤ አስገኘለት።

ከ1765 ጀምሮ ብሩስን የተከተለ አንድ ሰው ነበር። ይህም ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ፤ ሥዕልና የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ወጣት ነው። የፍርስራሹን ሥዕል የሚነድፍ፤ የአትክልቱንና የአውሬውን መልክ የሚያወጣ፤ የአየሩንም ሙቀት በየቀኑ የሚመዘግብ እርሱ ነበር። አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ብሩስና ባሉጋኒ በመስከረም ወር 1769 ምፅዋ ገቡ። በዚያም የተቀበላቸው ፈንጣጣ ነበር። ብሩስ እንደሚተርከው በወደቡ በሽታው እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ ሙታንን የሚቀብር ሰው እንዳይጠፋ ይፈራ ነበር። ከምፅዋ ወጥተው፤ በአድዋ አድርገው፤ የሊማሊሞን ዐቀበት ተሻግረው በየካቲት 1770፤ ማለት በእኛ 1762 ዓመተ ምሕረት፤ ጎንደር ደረሱ።

የጎንደር መንግሥት በዚያ ጊዜ ጭንቅ ላይ ነበር። ዐፄ ኢዮአስ ከአንድ ዓመት በፊት ተገድለው ነበር፤ በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ተቀምጠዋል፤ ሥልጣኑ በትግሬው መስፍን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነው። ብሩስ ሲገባ ንጉሡም ራስ ሚካኤልም ከፋሲል ጋር ለመዋጋት ዘምተው ከከተማ አልነበሩም። አረጋዊቷ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በቁስቋም ግቢ፤ በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ሞት ልባቸው እንደ ቆሰለ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር የራስ ሚካኤል ባለቤት ናት። ፈንጣጣው ወደ ቁስቋም የገባው በእነዚህ ሴቶች ላይ ነው። ከሰፈር ታሞ የመጣው የራስ ሚካኤል ልጅ ወልደ ሐዋርያት ወደቀ፤ ወዲያው በግቢው ያሉት ሕፃናት ሥጋት ላይ ሆኑ። ወይዘሮ አስቴር ለልጆቿ ነፍስ ፈራች።

አንድ ሐኪም ፈረንጅ መምጣቱ ቀድሞ በደብዳቤ ተሰምቶ ነበርና እቴጌ ወደ እርሱ ላኩ። ነገር ግን ብሩስ ሥራ ሳይጀምር ከዋልድባ የወረዱ፤ በጾማቸውና በተጋድሏቸው የተፈሩ አንድ መነኩሴ በጸሎትና በጠበል እፈውሳለሁ አሉ፤ ፈረንጁም እንዲቆይ ተደረገ። ወልደ ሐዋርያት ሞተ። ሞቱ ሲደገም እናቶቹ ደነገጡና ብሩስ ተጠራ።

ብሩስ ያደረገው ምንድን ነው? በዚያን ጊዜ በአገራችንም ሆነ በአብዛኛው አውሮፓ ፈንጣጣ የያዘው ሰው በሩ ተዘግቶ፤ መስኮቱ ተደፍኖ፤ በልብስ ላይ ልብስ ተደርቦለት እንዲያልበው ይደረግ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲደንሃም ከመቶ ዓመት በፊት ይህን ልማድ ተቃውሞ በሽተኛው አየር እንዲያገኝና እንዲቀዘቅዝ አስተምሮ ነበር። ብሩስ የሲደንሃምን መንገድ ተከተለ። በሩንና መስኮቱን አስከፈተ፤ ወለሉንና ግድግዳውን በሙቅ ውኃና በኮምጣጤ አሳጠበ፤ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፤ ወጪና ገቢውን አስታማሚ ቀነሰ። ራሱም በቁስቋም ግቢ ማደሪያ ተሰጥቶት ቀንና ሌሊት ከበሽተኞቹ አልተለየም። የወይዘሮ አስቴር ልጅ አቶ ክንፉ ዳነ፤ ታናሹም ዳነ። ወይዘሮ አስቴር ይህን ውለታ እስከ መጨረሻው አልረሳችም፤ ክንፉም የብሩስ ወዳጅ ሆኖ ኖረ። ከዘመቻው ሲመለሱ ንጉሡና ራስ ሚካኤል ለብሩስ ማዕርግ ሰጡት፤ በስተ ሱዳን ጠረፍ ያለውን የራስ ፊልን ግዛት ሾሙት። የዓባይም መንገድ ተከፈተለት።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የታላቅ ሐኪም ታሪክ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቆም ብለን እንመርምረው። ይህን ሁሉ የነገረን ማነው? ብሩስ ራሱ ነው። በመጽሐፉ ሞት በመነኩሴው ስም ተጽፏል፤ ፈውስ በብሩስ ስም ተጽፏል። መነኩሴው በበኩላቸው መጽሐፍ አልጻፉም፤ የሞቱት ሕፃናትም አልተናገሩም። መስኮት መክፈቱና ቤት ማጠቡ ለበሽተኛ የሚጎዳ አለመሆኑን ዛሬ እናውቃለን። ነገር ግን ፈንጣጣ ያለ ሐኪምም ከያዛቸው ሰዎች የሚበዙትን ይተዋቸው ነበር። ስለዚህ ክንፉ የዳነው በተከፈተው መስኮት ይሁን በራሱ ጉልበት፤ ወልደ ሐዋርያት የሞተው በተዘጋው በር ይሁን በበሽታው ጽናት፤ ከእነዚህ ጥቂት ሕፃናት ተነሥቶ የሚፈርድ ሰው የለም። የሚፈርደው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የሚገኘው የዳነውም የሞተውም፤ የጠቀመውም የጎዳውም እኩል ሲጻፍ ነው።

ይህ አሳብ ለብሩስ ዘመን እንግዳ አልነበረም። ብሩስ ገና ሳይወለድ፤ ከ1720 እስከ 1730 ባሉት ዓመታት፤ በሎንዶን ጄምስ ጁሪን የሚባል ሐኪም የሳይንሱ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። በዚያን ወቅት ከፈንጣጣ ቁስል መግል ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ የማስገባት ልማድ ከቱርክ አገር መጥቶ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ነበር። ደጋፊው የዳነውን ይቆጥራል፤ ተቃዋሚው የሞተውን ይቆጥራል። ጁሪን ሁለቱንም አልተከተለም። በየአገሩ ላሉት ሐኪሞች ማስታወቂያ አውጥቶ ያከሙትን ሰው ሁሉ፤ ቢድንም ቢሞትም፤ ጽፈው እንዲልኩለት ለመነ። መልሱን ሲደምር በዚያ ዘዴ ከተከተቡት ከአምሳ ሰዎች አንድ ያህሉ ሲሞት፤ በሽታው በራሱ ከያዛቸው ግን ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዎች አንዱ እንደሚሞት አገኘ። ልብ በሉ፤ ዘዴው መግደሉን አልደበቀም። ከአምሳ አንድ ይገድላል ብሎ በግልጽ ስለ ጻፈ ነው ሰው ያመነው። የሐኪም ታማኝነት የሚመጣው አልሳትሁም ከማለት ሳይሆን ይህን ያህል ሳትሁ ከማለት መሆኑን ጁሪን አሳየ።

አሁን ወደ አዘዞ መንገድ እንመለስ። በጥቅምት 1770 ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ በኩል ወጣ፤ በኅዳር መጀመሪያ ላይ ግሽ ደረሰ። ከምንጩ ዳር ቆሞ ከእርሱ በፊት አውሮፓዊ ይህን ቦታ አላየም ብሎ ደስ አለው። ነገር ግን አይቶ ነበር። የዐፄ ሱስንዮስ ወዳጅ የነበረው ኢየሱሳዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ በ1618 ግሽን አይቶ ጽፏል። ብሩስ ይህን ሲሰማ የፓኤዝን ምስክርነት ሐሰት ለማለት ብዙ ገጽ አጠፋ። የሌላውን ሰው መዝገብ መፋቅ እዚህ ላይ ጀመረ።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው። ባሉጋኒ ከብሩስ ጋር ወደ ግሽ ሄዷል። ከግሽ ተመልሰው ጎንደር ሳሉ በ1771 መጀመሪያ ላይ በደም ተቅማጥ ታሞ ሞተ። ዕድሜው ከሠላሳ አራት አላለፈም። ስድስት ዓመት ያህል በባሕርና በበረሃ ተከትሎት፤ የሐኪሙ ጓደኛ ሆኖ፤ በሐኪሙ እጅ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ስለዚህ ሞት ሲጽፍ ግን ቀኑን ወደ ኋላ አንሥቶ ባሉጋኒ ወደ ግሽ ከመሄዳችን በፊት ሞቷል አለ። ብዙዎች የሚያምኑት የምንጩን ክብር ለብቻው ለመያዝ ሲል አደረገው ብለው ነው። የበሽተኛን የሞት ቀን ማዛወር፤ አንባቢ ሆይ፤ ትንሽ ነገር አይምሰልህ። የሞተበት ቀን ከተለወጠ የታመመበት ወራት፤ ያለበት ቦታ፤ የተሰጠው መድኃኒት ሁሉ አብሮ ይለወጣል። ከዚያ ሞት ማንም ሐኪም ምንም ሊማር አይችልም።

ሰው ግን ሁለንተናው ክፉ አይደለምና የብሩስን በጎ ጎንም መናገር ይገባናል። ራሱ በራስ ፊል ቆላ በተቅማጥ ታሞ ሲጨነቅ ያዳነው ከአውሮፓ የሰነቀው መድኃኒት ሳይሆን አገሬው ያሳየው የዋጊኖስ ሥር መሆኑን ሳያፍር ጽፏል። ዘሩንም ወደ አውሮፓ ወሰደ፤ የአትክልት ሊቃውንትም ተክሉን በስሙ ጠሩት። ስለ ኮሶም ጽፎ ሥዕሉን አሳትሟል። ወደ አገሩ ሲመለስ በስናር የሚያያቸው ሴቶች ከታመመ ልጅ ክንድ ላይ ጨርቅ ወስደው ለልጃቸው በማሰር ፈንጣጣን እንደ ሸቀጥ ሲገዙ አይቶ ጽፎታል። ሌላው ያዳነውን ለመጻፍ አይሰስትም ነበር። የሰሰተው ክብሩን የሚነካውን ለመጻፍ ነው።

ብሩስ በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ወጣ፤ በስናርና በኑብያ በረሃ አድርጎ ሞት ጥቂት ሲቀረው በኅዳር 1772 አስዋን ገባ። በ1774 ሎንዶን ሲደርስ የሚጠብቀው ክብር አልነበረም። ጥሬ ሥጋ ስለ መብላት፤ ስለ ጎንደር ግብርና ጦርነት የተናገረውን የሎንዶን ሊቃውንት ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ታላቁ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰንም ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበር። ብሩስ ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ርስቱ ገባ፤ በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ እርሷም በ1785 ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ወዳጆቹ ኀዘኑን እንዲረሳ ሲጎተጉቱት መጽሐፉን ማጻፍ ጀመረ። አምስቱ ቅጽ በ1790 ታተመ። ጎንደርን ከለቀቀ ወደ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በብዙ ቦታም በቀን በቀን የተጻፈውን ማስታወሻ ትቶ በትውስታው ተማምኖ ተረከ። መጽሐፉ ብዙ ተነበበ፤ ብዙም ተቀለደበት። በሚያዝያ ወር 1794 በቤቱ አንዲት እንግዳ ሴት ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ደረጃ ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ፤ በማግሥቱም በስድሳ ሦስት ዓመቱ ሞተ። ከዓባይ ምንጭና ከኑብያ በረሃ በሕይወት የተመለሰው ሰው በገዛ ደረጃው ላይ ሞተ። ኤድዋርድ ጄነር ፈንጣጣን ድል የሚነሣውን ክትባት የሞከረው ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የብሩስ ሙግት ግን ከሞቱ በኋላ ቀጠለ። አሌክሳንደር ሙሬይ የሚባል የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ያጠና ስኮትላንዳዊ ሊቅ በ1805 መጽሐፉን እንደገና ሲያሳትም በኪኔርድ የቀሩትን ወረቀቶች መረመረ። ከወረቀቶቹ መካከል ወደ ግሽ የተደረገው ጉዞ ቀን በቀን በጣልያንኛ ተጽፎ ተገኘ፤ የእጅ ጽሕፈቱም የባሉጋኒ ነው። ሙት የተባለው ሰው ሕያው ሆኖ መዝግቧል። እንዲህም ሆኖ አንድ ቀን በሌሊት ያልተደለዘ የአንድ ጸጥተኛ ወጣት ማስታወሻ የታላቁን ሰው አምስት ቅጽ መጽሐፍ አረመ። የሚያሳዝነው ብሩስ በአብዛኛው እውነት ተናግሮ ነበር። በኋላ የመጡ መንገደኞች ሐሰት የተባለለትን ብዙውን ነገር እውነት ሆኖ አገኙት። ነገር ግን አንዱን ሞት ስለ ደበቀ በመቶው እውነቱ ላይ ጥርጣሬ ጣለበት።

አንዳንድ አንባቢ፤ ይህ የሁለት መቶ አምሳ ዓመት ነገር ለእኛ ምናችን ነው ሊል ይችላል። እስቲ ፈንጣጣ ከአገራችን እንዴት እንደ ጠፋ እናስታውስ። በ1970 ከኢትዮጵያ ለዓለም የተነገረው የፈንጣጣ በሽተኛ ቁጥር ከአንድ ሺህ በታች ነበር። በ1971 የማጥፋቱ ዘመቻ ሲጀመር ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ በየቀበሌው እየዞሩ፤ በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ እየጠየቁ መዘገቡ። በዚያው ዓመት የተመዘገበው ከ26 ሺህ በላይ ሆነ። በሽታው በአንድ ዓመት እንዲህ አልበዛም፤ ሳይነገር ይኖር የነበረው ተነገረ እንጂ። ቁጥሩ ከፍ ሲል የፈራና ያፈረ ሹም ቢኖር ኖሮ ዘመቻው በዚያው በተሰናከለ ነበር። በ1976 በኢትዮጵያ፤ በ1977 በሶማሊያ የመጨረሻው በሽተኛ ታየ፤ በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ያልተነገረ በሽታ እንደማይጠፋ ሁሉ ያልተነገረ ስሕተትም አይታረምም።

በእኛ ዕድሜ ደግሞ ኮቪድ መጣ። በመጋቢት 2020 የመጀመሪያው በሽተኛ በአገራችን ተገኘ። ዓለም ሁሉ ባልተፈተነ መድኃኒት ላይ ተሻማ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለውን መድኃኒት የአሜሪካ ባለሥልጣን በዚያው መጋቢት ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቅዶ ውጤቱ በብዙ ሺህ በሽተኞች ላይ ሲመረመር እንዳልጠቀመ ታውቆ በሰኔ ፈቃዱን አነሣ። ያንን ያህል ፈጥኖ መመለስ የተቻለው ያልጠቀመውም ስለ ተጻፈ ነው።

በዚያ ሰሞን አዘዞ በእኛ ቤት የሆነውን ልናገር። አያቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ከአንድ ጤና ተቋም፤ ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ መድኃኒታቸው ተልኮላቸው ነበር። በዚያው ቀን ሲመሽ አንዲት ወጣት ነርስ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በእግሯ መጣች። ከደጅ ሆና፤ የሰጠኋችሁ የሌላ ሰው መድኃኒት ነው፤ ማሸጊያው ስለሚመሳሰል ተሳሳትሁ፤ አይውሰዱት ብላ አለቀሰች። አያቴ ገና አልወሰዱትም ነበርና መረቋት። እኔ ግን ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር ኋላ ገባኝ። ልጅቷ ስሕተቷን ለእኛ ነገረች እንጂ በመዝገብ አላሰፈረችም፤ ብታሰፍር የምትቀጣ መስሏት ፈርታለች። ስለዚህ የሚመሳሰሉት ሁለቱ ማሸጊያዎች በዚያው መደርደሪያ ጎን ለጎን ቆዩ። እኛ ድነናል፤ ከእኛ በኋላ የመጣውን ግን አላውቅም።

አገራችን የመድኃኒትን ጉዳት ከሚከታተለው የዓለም ማኅበር የገባችው በ2008 ነው። ዛሬም የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒት ያደረሰውን ጉዳት፤ የመድኃኒት አሰጣጥን ስሕተትና የተበላሸ መድኃኒትን የሚቀበልበት ቢጫ ቅጽ አለው። ቅጹ ማን አጠፋ ብሎ ለመክሰስ የተዘጋጀ አይደለም፤ ምን ሆነ ብሎ ለመማር ነው። ቅጹ ግን ብዕር የሚያነሣ እጅ ይፈልጋል፤ ያ እጅም ቅጣት የማይፈራበት ቤት ይፈልጋል። የሳተውን ሁሉ የምናዋርድ ከሆነ የምናፈራው ስሕተት የማይሠራ ሐኪም አይደለም፤ ስሕተቱን የሚደብቅ ሐኪም ነው።

እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን ጎንደር ላይ በ1954 የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ ከዚያ በፊት በደምቢያ ከደረሰው ወረርሽኝ ሐዘን የተነሣ የተመሠረተ መሆኑን የአገሩ ልጅ ነኝና አውቃለሁ። ዛሬ በየክፍሉ ነጭ ካባ ለብሳችሁ የምትማሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነገ በአንድ የወረርሽኝ ሌሊት፤ ደክሟችሁ፤ መብራት ጠፍቶባችሁ አንድ ስሕተት መሥራታችሁ አይቀርም። በዚያች ሌሊት ሁለት ሰዎች ከፊታችሁ ይቆማሉ። አንዱ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ክብሩን ጠብቆ የሚተርከው ብሩስ ነው፤ ሁለተኛው በዚያው ቀን የሆነውን እንደ ሆነ የጻፈው ባሉጋኒ ነው። ብሩስ በስኮትላንድ የብረት ሐውልት ቆሞለታል፤ ባሉጋኒ ጎንደር አፈር ውስጥ ያለ ምልክት ተኝቷል። እውነቱን ያቆየልን ግን ምልክት የሌለው ነው። እናንተም የእርሱን ብዕር አንሡ።